ወደ ሳንቲያጎ በእግር፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ማደሪያ፣ ለየትኛው ተጓዥ?

በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ ክልል ወደምትገኘው ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ በእግሩ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከመንገዱ ነው። የተራራውንና የባሕር ዳርቻውን ፎቶግራፍ ያያል፣ አንዱን መንገድ ይመርጣል፣ የማደሪያውን ነገር ግን «እዚያው ስደርስ አስብበታለሁ» ብሎ ያቆየዋል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። የሐዋርያው የቅዱስ ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አጽም ያረፈበት ነው ወደሚባለው ካቴድራል የሚያደርሱት መንገዶች በርካታ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ ሁሉ በቢጫ ቀስት ምልክት ስለተደረገባቸው መንገድ ስቶ የመቅረት ስጋቱ አነስተኛ ነው። ማታ ማታ የሚነሳው «ዛሬ የት አድራለሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን ቀስት አልተሰመረለትም። ከአንዱ ማደሪያ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ አልጋው አስቀድሞ የሚያዝ መሆን አለመሆኑ፣ በሚሄዱበት ወርም ክፍት መሆኑ የጉዞውን ጠባይ ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ ይወስኑታል። ስለዚህ በማደሪያዎቹ እንጀምርና ወደ መንገዶቹ እንሻገር።

ደብተሩ፣ ማህተሙና የ100 ኪሎ ሜትር ደንብ

በተሳላሚ ማደሪያዎች፣ በስፔንኛ አጠራር በአልቤርጌዎች፣ ለማደር ክሬዴንሲያል የተባለው የተሳላሚ ደብተር ያስፈልጋል። ደብተሩ በመነሻ ከተሞች ካሉ የተሳላሚ ቢሮዎች፣ ከአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናትና ከራሳቸው ከማደሪያዎቹ በጥቂት ዩሮ የሚገኝ ሲሆን፣ በየማደሪያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቡና ቤቱ ማህተም ይደረግበታል። ማደሪያዎቹ የእንግዶቻቸውን ማንነት የመመዝገብ ግዴታ ስላለባቸው ፓስፖርትም በየምሽቱ ይጠየቃል፤ ሁለቱን በአንድ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጡ ይበጃል።

በመጨረሻ ኮምፖስቴላ የተባለውን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የካቴድራሉ የተሳላሚዎች ቢሮ፣ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር ወይም 200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት መጓዝንና በቀን ቢያንስ ሁለት ማህተም ማስመታትን ይጠይቃል። ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ቀላል ይምሰል እንጂ የአልጋውን ገበያ የሚያዛባው እርሱ ነው፤ ጊዜ ያነሰው ሰው ሁሉ ጉዞውን ከ100 ኪሎ ሜትሩ መስመር በስተጀርባ ካለችው የመጀመሪያ ከተማ ስለሚጀምር፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ከቀደሙት ሳምንታት ጋር የማይመሳሰል ሕዝብ ይፈስባቸዋል።

አራቱ የማደሪያ ዓይነቶች

የመጀመሪያው የሕዝብ ማደሪያ ነው። በማዘጋጃ ቤት ወይም በክልል መንግሥት የሚተዳደር ሲሆን ዋጋው ከሁሉም ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው፤ በጋሊሲያ ክልላዊው መንግሥት፣ ሹንታ የሚሉት፣ ለአንድ አልጋ 10 ዩሮ ያህል ያስከፍላል። አልጋው አስቀድሞ አይያዝም፤ ቀድሞ የደረሰ ይተኛል። በእግሩ የመጣ ተሳላሚ በብስክሌት ከመጣው ይቀድማል፤ ካልታመሙ በስተቀርም ከአንድ ሌሊት በላይ መቆየት አይቻልም። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብናስቀምጠው በአብዛኛው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ይከፈታል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በሩ ተዘግቶ መብራቱ ይጠፋል፣ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ለቆ መውጣት ግድ ይላል። በአውሮፓ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት፣ ከመከፈቱ በፊት ደጁ ላይ የሚታየው ሰልፍ የሰው ሳይሆን የቦርሳ ነው፦ ቀድሞ የደረሰው የጀርባ ቦርሳውን ግድግዳው ሥር ያኖራል፣ ተከታዩም ከእርሱ ቀጥሎ ያኖራል፤ ባለቤቶቹ ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ያንን ተራ የሚዘል ሰው ብዙም አይታይም። ተራ ሲደርስ ፓስፖርቱና ደብተሩ ይታያል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ስስ የፍራሽና የትራስ ልብስ ከአልጋ ቁጥር ጋር ይሰጣል። በሹንታ ማደሪያዎች አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ወጥ ቤቱ ምድጃም የዕቃ ማጠቢያም ቢኖረው መሳቢያዎቹ ብዙ ጊዜ ባዶ ናቸው። ድስትም ሹካም ስለማይገኝ ፓስታ ገዝቶ የገባ ሰው ከነፓስታው ሊያድር ይችላል።

ሁለተኛው በስፔንኛ ዶናቲቮ የሚባለው፣ ዋጋ ያልተቆረጠለትና ተሳላሚው እንደ አቅሙ የሚሰጥበት ማደሪያ ነው። አብዛኞቹን የሚይዙት አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት፣ ገዳማትና የቀድሞ ተጓዦች ማኅበራት ሲሆኑ፣ የሚያስተናግዱት ሆስፒታሌሮ የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በላ ሪዮሃ ክልል፣ ከሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ አልፎ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ በማትሞላው በግራኞን፣ ተሳላሚው የሚያድረው ከመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጋር በተያያዘው ሕንፃ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ስስ ፍራሽ ነው። እራቱ በጋራ ይበስላል፣ በጋራ ይበላል፣ ሳህኑም በጋራ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ጸሎት አለ። የገንዘቡ ሣጥን ክፍት ነው፤ የቻለ ያኖርበታል፣ የተቸገረም ከውስጡ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ቦታ ለብቻው ለመጓዝ የመጣውንም ሰው ወዳጅ ያደርገዋል፤ በአንጻሩ ድካም የከበደበትና ዝምታ የሚፈልግ ሰው እዚያ አይመቸውም፤ አይመቸኝም ብሎ ማለፍም ነውር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ዶናቲቮን እንደ ነፃ መኝታ የሚቆጥሩት ናቸው። ዛሬ የሚኖረው ገንዘብ የነገው እራት መግዣ ስለሆነ፣ አቅሙ ያለው ሰው ቢያንስ በሕዝብ ማደሪያ ለአልጋና ለእራት የሚያወጣውን ያህል ማኖር ይገባዋል።

ሦስተኛው የግል አልቤርጌ ነው። ለአንድ አልጋ በግምት ከ15 እስከ 20 ዩሮ ይጠይቃል፤ በስልክ፣ በዋትስአፕ ወይም በኢንተርኔት አስቀድሞ ይያዛል፤ ክፍሎቹ አነስ ይላሉ፣ በየአልጋው ራስጌ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ አንዳንዴም መጋረጃ ይኖራል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ለብቻው ይከፈልበታል። ከሕዝብ ማደሪያው የሚለየው ዋናው ነገር ግን ምቾቱ አይደለም፤ ተጓዡን ከሩጫ ማዳኑ ነው። አልጋው የተያዘለት ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በባትሪ መብራት መነሳት አይኖርበትም፤ በመንገዱ ላይ ያለችውን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ለማየት ጊዜ አለው። ግዴታውም አለ፦ እዚያ የማይደርስ ከሆነ ደውሎ መሰረዝ። የተያዘው አልጋ ባዶ ሆኖ ሲያድር የሚከስረው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ በር ላይ «ሞልቷል» ተብሎ ወደ ቀጣዩ መንደር የሄደው ተጓዥም ነው።

አራተኛው በፔንሲዮን፣ በትንሽ ሆቴል ወይም በገጠር የእንግዳ ቤት የሚገኘው የግል ክፍል ነው። ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ውድ ነው፤ ሁለት ሆነው ለሚጓዙ ግን ሒሳቡ ለግል አልቤርጌ ከሚከፍሉት ብዙም ላይርቅ ይችላል። ሌሎቹን ሌሊቶች በጋራ ክፍል የሚያድር ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተለይም እንደ ቡርጎስና ሊዮን ባሉ ከተሞች፣ በሩን ዘግቶ ቢተኛ ከወጪው የሚያተርፈው ይበዛል።

ከአራቱ ሲመርጡ ሁለት ነገሮች በተለይ ይታሰቡ። አንደኛው ጓዝ ነው። ቦርሳን ከማደሪያ ማደሪያ በመኪና የሚያደርሱ ድርጅቶች አሉ፤ የስፔን ፖስታ ቤት ኮሬኦስም ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን ቦርሳው ስም ወዳለበትና አስቀድሞ ወደተያዘ ቦታ ነው የሚላከው፤ ብዙ የሕዝብ ማደሪያዎችና ዶናቲቮዎችም የተላከ ጓዝ አይቀበሉም። ቦርሳውን ላለመሸከም የወሰነ ሰው እንግዲህ ሳያስበው የማደሪያውንም ዓይነት ወስኗል ማለት ነው። ሁለተኛው ምግብ ነው። የተሳላሚ ሜኑ የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥና ማጣጣሚያ የሚቀርብበት ማዕድ፣ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ዩሮ ይደርሳል፤ ሥጋ ወይም ዓሣ ግን አይጠፋበትም። በጾም ወራት የሚጓዝ የኛ ሰው ስለዚህ የተሟላ ወጥ ቤት ያለውን ማደሪያ ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ ምስር፣ ሽምብራና አትክልት በየመንደሩ ሱቅ አይታጡም።

ስለ ትኋንም አንድ ነገር ልበል። በየትኛውም ዓይነት ማደሪያ፣ በርካሹም በውዱም፣ ሊያጋጥም ይችላል። ቦርሳን አልጋ ላይ ከማኖር በፊት የፍራሹን ጠርዝና ስፌት በስልክ መብራት ማየት፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየም ለአስተናጋጁ በጨዋነት መንገርና ክፍል መቀየር ይገባል።

አስቀድሞ መያዝ ወይስ እንደ ደረሱ?

ጉዞውን ሁሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው አስቀድሞ መያዝን አልደግፍም። በሦስተኛው ቀን ተረከዙ ውኃ የቋጠረበት ሰው አንድ ቀን ሲያርፍ ከዚያ በኋላ ያለው የአልጋ ሰንሰለት ሁሉ ይበጠሳል። በአንጻሩ ምንም ሳይዙ መሄድም በሁሉም ቦታና ወር አያዋጣም። መካከለኛው መንገድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ከአገር ሳይወጡ መያዝ፣ ከዚያ በኋላ በየዕለቱ ለነገው ብቻ መደወል፣ መጨናነቅ በሚበዛባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥቂት ቀናት ቀደም ማለት ነው። መጨናነቁ የሚበዛው በፈረንሳዩ መንገድ የመጀመሪያ ቀን፣ ብዙ የ100 ኪሎ ሜትር ተጓዦች ከሚነሱባት ከሳሪያ ከተማ በኋላ ባሉት የመጨረሻ ቀናት፣ በስፔናውያን የሕማማት ሳምንት፣ በኦገስት ወር፣ እንዲሁም የቅዱስ ያዕቆብ በዓል በሚከበርበት በጁላይ 25 ዙሪያ ነው። በዓሉ እሑድ የሚውልበት ዓመት ቅዱስ ዓመት ተብሎ ስለሚከበር የተሳላሚው ቁጥር ይጨምራል፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. 2027 ነው።

በሸንገን ቪዛ የሚገቡ አንባብያን ግን ተጨማሪ ጉዳይ አለባቸው። ማመልከቻው የማረፊያ ማስረጃ ይጠይቃል፤ አስቀድሞ የማይያዘው የሕዝብ ማደሪያ ደግሞ ማስረጃ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ በነፃ መሰረዝ የሚፈቅዱ የግል ማደሪያዎችን በመያዝ የጉዞውን መርሐ ግብር ማሟላት፣ ቪዛው ከተገኘ በኋላ ዕቅዱ ከተለወጠም ለባለቤቶቹ ጊዜ ሳያልፍ መሰረዝ የተሻለ ነው።

የፈረንሳዩ መንገድ

ካሚኖ ፍራንሴስ በፈረንሳይ ድንበር ውስጥ ካለችው ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከ30 እስከ 35 ቀን ይፈጃል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ መንገድ ነው። ዛሬ መንገደኛውን የሚመሩት ቢጫ ቀስቶችም መነሻቸው እዚሁ ነው፤ በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው የኦ ሴብሬይሮ መንደር ቄስ የነበሩት ኤሊያስ ቫሊኛ በ1980ዎቹ ቀለም ይዘው መንገዱን ምልክት ማድረግ ጀመሩ።

ከማደሪያ አንጻር የሚስተካከለው የለም። አራቱም ዓይነት ማደሪያዎች በብዛት የሚገኙበት፣ በአብዛኛውም ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ባለ ርቀት ውስጥ ሌላ መንደር የሚያጋጥምበት መንገድ ነው። ይህ ማለት የደከመው ሰው ቀኑን ማሳጠር፣ የበረታውም ማርዘም ይችላል ማለት ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። የዶናቲቮን ሕይወት የሚሻ ሰውም ሌላ ቦታ ባይፈልግ ይሻላል። የተለዩ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ከካሪዮን ዴ ሎስ ኮንዴስ እስከ ካልሳዲያ ዴ ላ ኩዌሳ ባለው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንደር ስለሌለ ውኃና ስንቅ ተይዞ በማለዳ መነሳት ያስፈልጋል።

ጉድለቱ ሕዝቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮምፖስቴላ ከወሰዱት ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ ተሳላሚዎች ግማሽ ያህሉ የመጡት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሳንቲያጎ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከሳሪያ የተነሡ ናቸው። አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ሳሪያን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ሁለት ሳምንት ያለው ግን ከሊዮን ቢነሳ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ የሊዮንን ካቴድራል አይቶ ይነሳል፣ ሁለቱን ታላላቅ ተራሮች በእግሩ ያልፋል፣ የብዙ ቀን ባልንጀሮችም ያፈራል።

ቡርጎስንና ሊዮንን የሚያገናኘውን ሜሴታ የተባለውን ደጋማ ሜዳ በአውቶቡስ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። በጁላይና በኦገስት ጥላ የሌለበት የስንዴ አዝመራ ምድር ስለሆነ ምክንያታቸው ይገባኛል። በሜይና በሴፕቴምበር ግን መዝለሉን አልመክርም፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ የሚያዘናጋ ነገር ጥቂት ነው፣ ለጸሎትም ለሐሳብም ከመንገዱ ሁሉ የሚመቸው ክፍል እርሱ ነው።

ከፖርቱጋል የሚነሱት ሁለቱ

ሁለተኛው የሕዝብ ምርጫ የፖርቱጋሉ መንገድ ነው። ከሊስቦን መነሻው 620 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ብዙዎች የሚነሱት ከፖርቶ ነው። ከፖርቶ ደግሞ ሁለት አማራጭ አለ፦ በባርሴሎስና በፖንቴ ዴ ሊማ የሚያልፈው ማዕከላዊው መንገድ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የአትላንቲክን ዳርቻ ይዞ የሚሄደው ከዚያ 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

በባሕር ዳርቻው መንገድ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በአሸዋው ላይ በተሠራ የእንጨት መሄጃ ላይ ናቸው፤ ዳገት የለም፣ ነፋስ ግን አለ። መንደሮቹ የመዝናኛ ከተሞች ስለሆኑ ክፍል አይታጣም፤ በበጋ ግን ዋጋውን የሚወስነው ተሳላሚው ሳይሆን ለመዋኘት የመጣው እንግዳ ነው። ማዕከላዊው መንገድ በእርሻ፣ በወይን ተክልና በአሮጌ የድንጋይ ድልድዮች መካከል ይሄዳል፤ የአልቤርጌዎቹ ሥርዓት የተሻለ ነው፣ የላብሩዣ ዳገት አንድ ቀን ያስተነፍሳል። የእግር ጠንቁ በድንጋይ ንጣፍ የተሠራው የመንደር መንገድ ነው፤ ከዳገቱ ይልቅ ተረከዝን የሚጎዳው እርሱ ስለሆነ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይመረጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ፣ ሁለት ሳምንት ያለውና ሕዝቡን መካከለኛ አድርጎ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ የምመልስለት ማዕከላዊውን ነው።

ድንበሩ ላይ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለች። የስፔን ሰዓት ከፖርቱጋል በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ከቫለንሳ የሚንዮን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ቱይ የገባ ሰው ቀኑ 6 ሰዓት ሲመስለው 7 ሰዓት ሆኗል፣ የሕዝብ ማደሪያውም በር ተከፍቷል። ከሬዶንዴላ ጀምሮ ሁለቱ መንገዶች ስለሚገናኙ አልጋ የሚጠበው እዚያ ነው፤ ከቱይ የሚነሱት የመቶ ኪሎ ሜትር ተጓዦችም ይጨመራሉ። ከፖንቴቬድራ በኋላ መጨናነቁን የሚሸሽ ሰው በአርሜንቴይራ ገዳም በኩል ወደ ቪላኖቫ ዴ አሮሳ ወርዶ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ፓድሮን አቅራቢያ የሚያደርሰውን ተለዋጭ መንገድ መያዝ ይችላል፤ ጀልባው ግን በባሕሩ ውኃ ከፍና ዝቅ ማለትና በአየሩ ስለሚወሰን መነሻ ሰዓቱ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሰሜናዊውና ጥንታዊው

ካሚኖ ዴል ኖርቴ ከኢሩን ተነሥቶ በሳን ሴባስቲያን፣ በቢልባኦና በሳንታንዴር አድርጎ 820 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ባሕሩ በቀኝ፣ ኮረብታው በግራ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት መውጣትና መውረድ አያባራበትም። ከፈረንሳዩ መንገድ ጋር ሲተያይ ማደሪያዎቹ ተራርቀዋል፣ አንዳንዶቹ የሚከፈቱት በበጋ ብቻ ነው፣ የባሕር ዳርቻ ከተሞቹ ሆቴሎችም በጁላይና በኦገስት ይወደዳሉ። አስፋልቱም ይበዛል። በዚህ መንገድ ከተጠቀሱት ዶናቲቮዎች ስመ ጥሩ ከሳንታንዴር በፊት በጉዌሜስ ያለው ነው። የዕለት ወጪው ከፍ ማለቱን የሚችል፣ ከባሕሩ ጋር መሆንን የሚወድና በጁን ወይም በሴፕቴምበር መጓዝ የሚችል ሰው ይደሰትበታል፤ ለሌላው አላስቀድመውም።

ካሚኖ ፕሪሚቲቮ ግን ሌላ ነው። ከኦቪዬዶ ተነሥቶ በሮማውያን ግንብ የተከበበችውን ሉጎን አልፎ በሜሊዴ ከፈረንሳዩ መንገድ ጋር ይገናኛል፤ ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሁለት ሳምንት ግን ይፈልጋል። በ9ኛው መቶ ዘመን የአስቱሪያሱ ንጉሥ ዳግማዊ አልፎንሶ ወደ መቃብሩ የሄደበት የመጀመሪያው መንገድ እንደሆነ ይተረካል። በዚህ መንገድ የሕዝብ ማደሪያዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ መንደር ከሞላ ቀጣዩ ሩቅ ስለሆነ በሜይና በሴፕቴምበር በዋዜማው ወደ ግል ማደሪያ መደወል ግድ ነው። ከመንገዶቹ ሁሉ ለጉልበት የሚከብደውም፣ በእኔ ሚዛን የሚያምረውም ይኸው ነው። የተራራ መንገድ የለመደና የሁለት ሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው ከሊዮን ከመነሳት ይልቅ ኦቪዬዶን ቢመርጥ የሚጸጸት አይመስለኝም።

አጭሩና ረጅሙ

የእንግሊዙ መንገድ፣ ካሚኖ ኢንግሌስ፣ ከፌሮል ሲነሱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአምስት ወይም በስድስት ቀን ያልቃል፤ ለምስክር ወረቀቱም ይበቃል። ከኮሩኛ የሚነሳው ቅርንጫፉ ግን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በራሱ አይበቃም። ሳሪያን ለመሸሽ ለሚፈልግ የአንድ ሳምንት ተጓዥ ጥሩ ምትክ ነው፤ ማደሪያዎቹ ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ሰውም ትንሽ ነው።

ቪያ ዴ ላ ፕላታ ከሴቪያ ተነሥቶ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ መንደር የሚኬድባቸው ቀናት አሉበት፣ በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ በማርች፣ በኤፕሪል ወይም በኦክቶበር ካልሆነ አይሞከር። የመጀመሪያ ጉዞ የሚሆን መንገድ አይደለም።

በመንገዱ ውስጥ ያሉ መለያያዎች

መንገዱ ከተመረጠ በኋላም በየቦታው ሁለት ቀስት ያጋጥማል፤ በዚህ ጊዜም ውሳኔውን ማደሪያው ቢመራው ይመረጣል። ከሴን ዣን ወደ ሮንሴስቫዬስ የሚወስደው የናፖሊዮን መንገድ እስከ 1,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል፤ ቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ አብዛኛው ዳገት ነው። 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የኦሪሶን ማደሪያ ይህን ቀን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት መያዝ አለበት። አልጋ ካልተገኘና ጉልበቱ የሚያጠራጥር ከሆነ በሸለቆው በቫልካርሎስ በኩል መሄድ አለ፤ ዝቅ ያለ ነው፣ መንገድ ላይ ማደሪያ አለው፣ ከፊሉ ግን በመኪና መንገድ ዳር ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 የናቫራ መንግሥት የላይኛውን ስለሚዘጋው ምርጫ የለም፤ በሌላውም ወር ቢሆን የተሳላሚ ቢሮው «አየሩ ከፍቷል» ካለ አለመከራከር ነው።

ከሊዮን ሲወጡ ከላ ቪርኸን ዴል ካሚኖ በኋላ አንዱ መንገድ የመኪናውን አውራ ጎዳና ተከትሎ በቪያዳንጎስ ያልፋል፣ ሌላው በቪያር ዴ ማሳሪፌ በኩል በእርሻዎች መካከል ይሄዳል፤ በኦስፒታል ዴ ኦርቢጎ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው በጥቂቱ ያጥራል፤ ሁለተኛው የመኪና ድምፅ የለበትም፣ ማደሪያም አይታጣበትም፤ እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ። ከትሪያካስቴላ በኋላም እስከ ሳሪያ በሳን ሺል ያለው 18 ኪሎ ሜትር፣ በሳሞስ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳሞስ ላይ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም አለ፣ ተሳላሚም ያሳድራል፤ በዚያ ለሚያድር ሰው ተጨማሪው ርቀት በሁለት ቀን ስለሚከፋፈል አይታወቀውም፤ ለማያድረው ግን ሳን ሺል ይበቃዋል።

በፕሪሚቲቮ መንገድ ከቦሬስ በኋላ የኦስፒታሌስ ተራራ መንገድ አለ። በመካከሉ ውኃም፣ ሱቅም፣ መጠለያም የለም፤ የቀረው የመካከለኛው ዘመን ማደሪያዎች ፍርስራሽ ብቻ ነው። ጭጋግ ከወረደ በፖላ ዴ አያንዴ በኩል ያለው መያዝ አለበት። ቀኑ ብሩህ ከሆነ ግን በቦሬስ ወይም በአካባቢው አድሮ በማለዳ መውጣት ነው፤ ከቲኔኦ ተነሥቶ በአንድ ቀን ሁሉንም ለመጨረስ መሞከር ማምሻውን ተራራ ላይ ያደርሳል።

ሕዝቡ ከሚያድርበት ወጣ ብሎ ማደር

መጻሕፍቱና አፕሊኬሽኖቹ የቀን ጉዞውን ስለሚከፋፍሉት ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ከተማ ያድራል። ከሳሪያ በኋላ የሚታወቀው አከፋፈል ፖርቶማሪን፣ ፓላስ ዴ ሬይ፣ አርሱዋና ኦ ፔድሮውሶ ነው። ከሳሪያ 4 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ባርባዴሎ፣ ከፖርቶማሪን 8 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ጎንሳር፣ ከአርሱዋ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ በወንዙ ዳር ሪባዲሶ ማደሪያ አለ። እንዲህ አዛንፎ የሚያድር ሰው የሚያገኘው አልጋ ብቻ አይደለም፤ ብዙኃኑ ገና ከከተማው ሳይወጣ እርሱ ፊት ስለሚሆን መንገዱም ጸጥ ይልለታል። የየመንደሩን ማደሪያ፣ የአልጋ ብዛት፣ ዋጋና የሚከፈትበትን ወር ለማየት ግሮንዜ የተባለው የስፔንኛ ድረ ገጽ ይጠቅማል፤ በአውሮፓ የክረምት፣ ማለትም የብርድ፣ ወራት ብዙዎቹ ስለሚዘጉ ዝርዝሩን ካዩ በኋላም ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የመጨረሻውን ሌሊት በተመለከተ ሁለት አማራጭ አለ። ከኦ ፔድሮውሶ ተነሥቶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በዚያው ቀን ከተማ መግባት የተለመደው ሲሆን፣ ቀትር ላይ ለሚደረገው የተሳላሚዎች ቅዳሴ የሚቸኩል ሰው ከንጋት በፊት መነሳት አለበት። ሌላው ከከተማው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር በሞንቴ ዶ ጎሶ ባለው ሰፊ ማደሪያ አድሮ ጠዋት፣ አደባባዩ ሳይሞላ፣ መግባት ነው። በከተማዋ ውስጥ የሚያድር ሰው በበጋ ቀደም ብሎ ይያዝ፤ ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የሴሚናሪዮ ሜኖር ሕንፃ ብዙ አልጋ አለው። ወደ ካቴድራሉ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ የትም ቢታደር መጀመሪያ ቦርሳውን በማደሪያው ወይም በዕቃ ማስቀመጫ ማኖር፣ ከዚያ በተሳላሚዎች ቢሮ ተራ መያዝ፣ ቀጥሎም ወደ ቅዳሴው መሄድ ነው።